የቅዱሱ ጎላ አይመልስም

አርጊሮ ጭልፋውን በተረከበችበት በመጀመሪያው ዓመት፣ የቅዱስ ኒቆላዎስ ዋዜማ ከጠዋቱ ጀምሮ የባሕሩን ዳርቻ እንደ ገዛ ጓሮዋ ትመላለስበት ነበር። በአንድ እጇ ሰማያዊ ሳፋ፣ በሌላው ጉጠት ይዛለች፤ ብብቷ ሥር ደግሞ ፍል ውሃ የሞላ ፔርሙስ ሸጉጣለች። የመንደሯ የካራቮፔትራ ሰው ጠጠሩ ላይ ተሰልፎ መንጠቆውን ወደ ባሕር ወርውሯል፤ እሷ ከኋላ ከኋላ እየሄደች የወጣውን ትሰበስባለች። የመንደሩ የበዓል ሾርባ ለሚበስልበት ትልቅ ድስት፣ ለቅዱሱ ጎላ፣ ሴት አለቃ ስትሆን ይህ የመጀመሪያው ነው። በአፉ የተቃወመ ሰው የለም፤ የት ቦታ እንደምትሳሳት ለማየት ግን ሁሉም ዓይኑን ስሏል። እሷም ይህን አሳምራ ታውቃለች፤ ደረቷን ነፍታ የምትራመደው ለዚያ ነው።

የጎላው ሕግ አጭር ነው። በዋዜማው ከዳርቻው ላይ መንጠቆ የያዘው ሁሉ የቅዱሱ ነው፤ አይመረጥም፣ አይመለስም። በሌላ ቀን ቢሆን የማይፈልገውን ዓሣ ወደ ባሕር በመመለስ የካራቮፔትራን ሰው የሚቀድመው የለም። ዓሣው መዳፍ ካልሞላ ወይም ከሥጋው አጥንቱ ከበዛ፣ ሰውየው እጁን ውሃ ውስጥ ነክሮ (በደረቅ እጅ ዓሣ የሚይዝ ባለጌ ነው፣ ቆዳውን ይገፈዋል) መንጠቆውን በቀስታ አላቅቆ፣ «ሂድ፣ አባትህን ላክልን» ብሎ ይለቀዋል። በዋዜማው ግን ይህ የለም። ሕጉን ያወጡት አባቶች ሞኞች አልነበሩም፤ ሰው ወፍራም ወፍራሙን ለቤቱ አስቀርቶ እሾሃም እሾሃሙን ለቅዱሱ ሲሰጥ አይተው ነው። አንድም ዓሣ ለጎላው ያላገባ ቤት በበዓሉ ገበታ አይከለከልም። ይበላል፤ የሚበላው ግን እንደ እንግዳ ነው። በገዛ አገር እንግዳ መሆን ደግሞ ከመራብ ይከፋል።

ከአርጊሮ በፊት ጭልፋው የማኑሶስ ነበር። ማኑሶስ ክርስትና ያነሳት አባቷ ነው፤ በቀርጤስ ሰው አጠራር ሳንዶሎዋ። ወላጅ አባቷ መርከበኛ ሆኖ ዓመቱን ሙሉ ባሕር ላይ ስለሚቀር፣ መንጠቆ ማሰርንም፣ ማዕበል ማንበብንም፣ ከመንጠቆ ላይ የሚናደፈውን ማላቀቅንም ያስተማራት እሱ ነው። አምና እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመረና በበዓሉ ቀን የፈላ ሾርባ በአንዱ መዘምር እግር ላይ ደፋ። መንደሩ ተሰብስቦ ጭልፋው ለአርጊሮ ይሁን አለ። ማኑሶስም «ለእሷ ከሆነ እሺ» ብሎ ፈገግ አለ። ፈገግታው ከአንገት በላይ ነበር።

«አርጊሮ! ኧረ ነይ፣ ባልሽን የመሰለ ነገር ይዣለሁ!» ስትል ሮዳንቲ ጮኸች። ሮዳንቲ የዳቦ ቤቷ ባለቤት ናት፤ ምላሷ ከምድጃዋ ይሞቃል።

አርጊሮ ደረሰች። በሮዳንቲ መንጠቆ ላይ የሚወራጨው ባለ ቡኒ መስመር ዓሣ ያን ያህል አስፈሪ አልነበረም፤ ጀርባው ላይ ያለችው ጥቁር ክንፍ ግን ተከፍታለች።

«እጅሽን አንሺ!» አለች አርጊሮ። «ዘንዶ ዓሣ ነው።»

«ታዲያ ባልሽን ይመስላል አላልኩሽም?»

«ባሌ ቢናደፍ ኖሮ አንቺን አይምርሽም ነበር።» ሳቋን ሳትጨርስ ዓሣውን ጠጠሩ ላይ አሳረፈችው፤ እርጥብ ጨርቅ ጣለችበትና ከጭንቅላቱ ኋላ በጫማዋ ሶል ተጫነችው። በጉጠት መንጠቆውን ይዛ ወደመጣበት ጠመዘዘችው፤ ወጣ። በመቀስ የጀርባውን ጥቁር ክንፍ፣ ከዚያም በጉንጮቹ ላይ ያሉትን ሁለት እሾሆች ቆረጠች። ያን ጊዜ ብቻ ነው ወደ ሳፋው የወረወረችው። «ይሄ ሞቶም ይወጋል። ድስት ውስጥ ግን ከሱ የሚጣፍጥ የለም።»

«እኔስ ያ ፔርሙስ ቡና መስሎኝ ከጠዋት ጀምሮ ስቋምጥ ነበር።»

«ለእጅሽ ነው እንጂ ለሆድሽ አይደለም። ሲወጋሽ የምትችዪውን ያህል በሞቀ ውሃ ትነክሪዋለሽ፤ መርዙ ሙቀት አይወድም። ኮምጣጤ ምናምን የሚሉሽን አትስሚ።»

«ማን አስተማረሽ?»

አርጊሮ በአገጯ ወደ ዳርቻው ጫፍ ጠቆመች። እዚያ፣ ከሰው ሁሉ ርቆ፣ ማኑሶስ ከድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ጎሕ ሲቀድ የመጣው እሱ ነው። አጠገቡ ያለው ባልዲ ግን አሁንም ባዶ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሳፋው ሁለት ጊዜ ሞልቶ ተገለበጠ። እሾሃም ቀይ ዓሣዎች፣ መዳፍ የማይሞሉ ባለ ቀለሞች፣ አንድ እባብ የመሰለ ተናካሽ፣ ሁለት እንደ ትሪ የተንጣለሉ ባለ ጅራፍ ጭራዎች። በሌላ ቀን ማንም የማይፈልጋቸው ሁሉ ዛሬ ክብር አግኝተዋል። ከአንድ ቤት በቀር ድርሻውን ያላገባ አልነበረም። አርጊሮ ወደ ጫፉ እያየች በልቧ፣ «ቅዱስ ኒቆላዎስ፣ አንድ ብቻ፣ ጣት የምታክልም ብትሆን» ትል ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የማኑሶስ ዘንግ ጎበጠ። ሰው ሁሉ አየው፤ ዳርቻው በጩኸት ተሞላ። «ያዝ ማኑሶስ! አትልቀቅ!» ሽማግሌው ተነሳ፤ እግሩን አንፈራጦ ክሩን ያጠነጥን ጀመር። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው አይመስልም። አርጊሮ ሳፋዋን እንደያዘች ሮጠች።

ዓሣው ጠጠሩ ላይ ሲወጣ ብር የመሰለ ጎኑ አበራ። ቀጥሎ ውሃና አየር ውጦ ሆዱን ነፋ፣ ነፋ፣ ነጭ እሾሃም ድቡልቡል ሆነ። አፉን ሲከፍት ጥርሶቹ ታዩ። የመንደሩ ሰው በእነዚያ ጥርሶች ምክንያት ጥንቸል-ራስ ይለዋል። ከሞቃታማ ባሕር መጥቶ በዚህ ዳርቻ ከሰፈረ ወዲህ መረብ ያነክታል፣ ክር ይቆርጣል፤ ሥጋው ደግሞ መርዝ ነው። በወደቡ በር ላይ «አትብሉት» የሚል ሥዕል ተለጥፏል። በሌላ ቀን የያዘው ሰው ጭንቅላቱን መትቶ ድመት በማይደርስበት ይቀብረዋል።

ጩኸቱ ቆመ። ከዚያ ሮዳንቲ አላስችል አላት።

«ማኑሶስ፣ ኳስ ነው እንዴ ያጠመድከው? ለልጆቹ ስጣቸው እንጂ!»

ሰው ሳቀ። ማኑሶስ አልሳቀም። ዓሣውን በጭራው ብድግ አድርጎ ወደ አርጊሮ ሳፋ ዘረጋው። «የማኑሶስ ቤት» አለ።

አርጊሮ ሳፋዋን ወደ ኋላ ሳበች። «ይሄ አይገባም፣ ሳንዶሎ።»

«ማን አለ?»

«እኔ።»

«የቅዱሱ ጎላ አይመልስም።»

«ጎላው አይመልስም። እኔ እመልሳለሁ።»

«ሕጉን እየሻርሽ ነው ልጄ።»

«ሕጉ ሲወጣ ይሄ ዓሣ እዚህ ባሕር አልነበረም።»

«ቅዱሱስ አልነበረም?» አለ ማኑሶስ። «ቅዱሱ የሚበላውን ከማይበላው መለየት አቅቶት ነው መንጠቆዬ ላይ የሰቀለልኝ? ቆዳውንና የሆድ ዕቃውን ካወጡለት ሥጋው ከዶሮ ይነጣል።»

«ማን በልቶት ያውቃል?»

ማኑሶስ መልስ ለመስጠት አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ወደ ባሕሩ ዞረ።

«ስጠኝና እኔ ልቅበረው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «መንጠቆህን መልሰህ ጣል። ገና ፀሐይ አለ።»

«ፀሐይማ ለእናንተ አለ» አለ። ክሩን አነሳና አሳያት፤ የዓሣው ጥርስ በልቶት ሊበጠስ ደርሷል። «የራሴን ራሴ እቀብራለሁ። ይህን ያህልማ አትከልክዪኝም።»

እዚህ ላይ ነው አርጊሮ የተሳሳተችው። የሮዳንቲ ቢሆን ኖሮ ከእጇ ነጥቃ ትቀብረው ነበር። ይህ ግን ሳንዶሎዋ ነው፤ በሰው ፊት አንድ ጊዜ አሳፍራዋለች፣ ሁለተኛ ማሳፈር አንጀቷ እምቢ አለ። ዓሣውን ባልዲው ውስጥ ከቶ፣ ዘንጉን ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ሲሄድ ቆማ አየችው።

በማግስቱ ጎላው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ በሦስት ትልልቅ ድንጋዮች ላይ ተጥዶ ገና ከማለዳው ይንተከተክ ጀመር። አርጊሮ ሽንኩርቱን በወይራ ዘይት አቁላላች፤ ድንችና ቲማቲም ጨመረች። መጀመሪያ ጠንካራ ጠንካራውን ዓሣ፣ ለስላሳውን ለመጨረሻ፣ በተራ በተራ እንደሚገባው አገባች። ሽታው ቅዳሴው ውስጥ ገብቶ ሰውን ሳያናውጥ አልቀረም። ቄሱ ፓፓ ስትራቲስ ራሳቸው የዓመት በዓሉን ቅዳሴ ቶሎ ቶሎ ነው የሚሉት፤ ጾሙ ዓሣ ስለሚፈቅድ ለሆዳቸው ይቅርታ ያደርጉለታል።

ማኑሶስ ከማንም ቀድሞ መጥቶ እሳቱ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ተላጭቷል፣ ጥቁር ሸሚዙን ለብሷል። አርጊሮ እንደዚያ ስታየው ደስ አላት። ቂም አልያዘም ማለት ነው ብላ አሰበች። የበዓሉን ዳቦ ተሸክማ ወደ ውስጥ የምትገባበት ሰዓት ሲደርስ፣ ልታከብረው ፈልጋ፣ «ሳንዶሎ፣ ጎላውን እያየህልኝ» አለችው።

«ሂጂ ልጄ» አለ።

ስትመለስ ማኑሶስ እዚያው ነበር። እጁን በሎሚ እያሸ ነው። አርጊሮ ጭልፋውን ሰድዳ ከሥር አማሰለች፤ አንድ ነገር ከበዳት። ስታወጣው ነጭ፣ ድልብ፣ አጥንት አልባ ሥጋ ነው። ቀጥሎ ሌላ። ሌላም።

ትናንት የገባውን ዓሣ እያንዳንዱን በእጇ ነክታዋለች፤ እንዲህ ያለ ሥጋ ያለው አንድም አልነበረም። ለማያውቅ ሰው ከጥልቅ ባሕር የሚወጣ ውድ ዓሣ ይመስለዋል። ከዳርቻ ግን ያ ዓሣ አይያዝም፤ ከዶሮ የሚነጣ ሥጋ ያለው ትናንት አንድ ብቻ ነው የወጣው።

«ሳንዶሎ፣ እዚህ ውስጥ የጨመርከው ነገር አለ?»

«እኔ?» አለ ዓይኑን ከእሳቱ ሳይነቅል። «እኔ ምን ኖሮኝ።»

የቤተ ክርስቲያኑ በር ተከፈተ፤ ሰው መውጣት ጀመረ። የበዓል ልብሱን የለበሰ መንደር ሁሉ ሳህኑን ይዞ ወደ ጎላው ይመጣል።

አርጊሮ ንዴቱ ከእግር ጥፍሯ ጀምሮ ወጣባት። መንደሩን በሙሉ! ሕፃናቱን፣ እናቷን፣ ቄሱን! አንገቱን ይዛ እዚያው ልታንቀው ምንም አልቀራት። ግን ንዴቷን ዋጥ አድርጋ አሰበች፤ አርጊሮ ስትናደድ ጭንቅላቷ ይጠራል። ጎላውን ገልብጣ «ይህ ሰው መርዝ ጨመረ» ብትል ሁሉም ያምኗታል። ማኑሶስም ከዚያ ቀን ጀምሮ በሕይወት እያለ ይቀበራል። «አረረብኝ፣ ደፋሁት» ብትል ደግሞ ውርደቱ የሷ ይሆናል፤ ያንን ትችለዋለች። ግን እሱ እንደልቡ ይቀራል። ጥንቸል-ራስ የሚበላ ዓሣ ነው ብሎ እንዳመነ ነገ በገዛ ቤቱ ይቀቅለዋል፤ ለጎረቤት ያቀምሰዋል።

አንድ ነገር ቀረ። በጎላው ሥርዓት፣ ካህኑ ከመባረካቸው በፊት፣ ጭልፋውን የያዘ ሰው በሕዝቡ ፊት አንድ ጉንጭ ይቀምሳል።

ሰው ተሰበሰበ። ፓፓ ስትራቲስ መስቀላቸውን ይዘው ቆሙ። አርጊሮ ከመካከሉ ጨለፈች፤ አንድ ነጭ ቁራጭ ጭልፋው ውስጥ ተንሳፈፈ።

«ይህን ሙያ ያስተማረኝ ማኑሶስ ነው» አለች ጮክ ብላ። «ጭልፋ የያዘ ቀድሞ ይቅመስ፤ ከከፋም ለእሱ ይክፋ ብሎኛል። የክርስትና አባቴን ቃል አከብራለሁ።»

ዓይኗን ከዓይኑ ሳትነቅል ጭልፋውን አነሳች። ዓሣውን አላመነችውም፤ ሰውየውን ነው ያመነችው። ስድስት ዓመቷ ሳለ ማዕበል ሲወስዳት ከነልብሱ ዘሎ የገባው ይህ ሰው ነው። ዛሬም ይገባል አለች በልቧ። እንፋሎቱ አገጯን ነካው። ማኑሶስ ፈዞ ያያታል። ጭልፋው ከንፈሯ ሥር ደረሰ።

ከተቀመጠበት እንዴት እንደተነሳ ያየ የለም። በጥፊ የመታው ጭልፋ አየር ላይ ተሽከርክሮ ግድግዳው ሥር ወደቀ፤ ሾርባው በአርጊሮ ሽርጥና በቄሱ ጫማ ላይ ተረጨ።

«አትቅመሺው!» አለ። «አትቅመሺው፣ አትቅመሺው…»

«እኔ ነኝ» አለ ማኑሶስ ወደ ሰው ዞሮ። «ትናንት ልቅበረው ብዬ ወሰድኩት፣ ማታ ገፈፍኩት፣ አሁን ጨመርኩት። በፋሲካ ሰሞን አንዱን በልቼ ነበር። ከንፈሬ ደነዘዘ፣ እግሬ አልታዘዝ አለኝ፣ አልጋ ላይ ወድቄ ሰነበትኩ። ጉንፋን ነው አልኳችሁ። ከዚያ ተነሳሁ፤ ስነሳ ጊዜ በደንብ ስላላጸዳሁት ነው አልኩ፣ አሁን ባጸዳው ምንም አይልም አልኩ። ራሴን እንዲያ እያልኩ አሳመንኩት። ጭልፋው ተወሰደብኝ፤ ዓሣዬም ተመለሰ። ከዚህ ሁሉ ሰው መሐል እኔ እንግዳ ሆኜ ልቀመጥ?» በእጁ ወደ አርጊሮ ጠቆመ። «አፏ ጋ ሲደርስ ግን ራሴን ማሳመን አቃተኝ።»

አርጊሮ ሸሚዙን ጨምድዳ ያዘችው። «ብትዘገይስ ኖሮ?» አለች። «ገድለኸኝ ነበር እኮ! ሁላችንንም ገድለኸን ነበር!» በሕይወቷ ጮሃበት አታውቅም፤ አሁን ጮኸችበት። እሱም አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ጩኸቷን ስትጨርስ አንገቱን አቅፋ አለቀሰች፤ ይህንንም አልደበቀችም።

ሰው ማጉረምረም ጀመረ። አንዳንዱ ፖሊስ ይጠራ አለ፣ አንዳንዱ ከገበታው ይውጣ አለ። ፓፓ ስትራቲስ ጫማቸውን በሣር እየጠረጉ፣ «የዛሬው ጎላ አለቃ ማን ናት?» ብለው ጠየቁ። ሁሉም ወደ አርጊሮ ዞረ።

አርጊሮ ፊቷን በሽርጧ ጠረገች። «አንድ ሰው አካፋ ያምጣልኝ» አለች። «ከአጥሩ ውጭ ጉድጓድ ይቆፈር። ሾርባው ከነዓሣው ይገባል፤ ኖራ ይደረግበታል፤ ድንጋይ ይጫንበታል። ድመትም ውሻም እንዳይደርስ። ከመጠጥ ቤቱ ሌላ ድስት አምጡ፤ ይሄ ጎላ ዛሬ አይነካም። ከዚያ ሁላችሁም ዘንጋችሁን ይዛችሁ ወደ ዳርቻ።»

«በዚህ ልብስ?» አለች ሮዳንቲ።

«ከፈለግሽ አውልቂው።»

የትናንቱ ድርሻ ከነሾርባው ተቀብሯልና ማንም ቤት ማንንም አይበልጥም፤ ሁሉም ከባዶ ጀመረ። እንዲህ ያለ ዓሣ ማጥመድ ካራቮፔትራ አይቶ አያውቅም። ወንዶቹ በከረባት፣ ሴቶቹ በተረከዝ ጫማ ጠጠሩ ላይ ይንገዳገዳሉ። የራበው ሰው ቁጡ ነው ይባላል፤ እነሱ ግን ከሞት በመትረፋቸው ይመስለኛል ይሳሳቁ ነበር። ትንንሽ ዓሣዎች አንድ በአንድ ይወጡ ጀመር። አርጊሮ ሳፋዋን ይዛ ትዞራለች፤ ጉጠቷ አያርፍም። ማኑሶስ ትናንት የተቀመጠበት ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ዘንግ አልያዘም። ያናገረው ሰው የለም።

የሮዳንቲ ክር ተወጠረ። እየተሳደበችና እየሳቀች ጎተተች፤ ዓሣው ጠጠሩ ላይ ወጣና ሆዱን ነፋ።

ሳቁ ከፊቷ ላይ ጠፋ። «የቅዱስ ኒቆላዎስ ያለህ» አለች። ወደ አርጊሮ አየች። አርጊሮ ሆን ብላ ወደ ባሕሩ ታያለች። «እኔስ ምን ላድርግ? ሕጉስ? መመለስ አይቻልም አይደል?» የተሰለፈው ሰው ሁሉ ዘንጉን እንደያዘ ዞሮ ይመለከታል፤ የሚመለከተው ግን ሮዳንቲን አልነበረም።

ማኑሶስ ተነሳ። ጠጠሩን እየረገጠ ቀስ ብሎ መጣ፤ ከአርጊሮ እጅ ጉጠቱን ወሰደ። እጁ እየተንቀጠቀጠ የዓሣውን ጭንቅላት በድንጋይ መታ። መንጠቆውን ለማላቀቅ ብዙ ታገለ፤ ሁለት ጊዜ አመለጠው። ማንም ላግዝህ አላለውም፤ ማንም ግን ዓይኑን አልነቀለም። ሲወጣለት ዓሣውን በጭራው ከፍ አደረገው፤ ዳርቻው እስከ ጫፉ እንዲሰማው ጮኸ።

«ይሄ አይገባም!»

ተሸክሞት እስከ ጉድጓዱ ሄደ፤ ድንጋዩን አንስቶ ዓሣውን ኖራው ላይ ጣለው፣ ድንጋዩን መልሶ ጫነ። ሲመለስ ሮዳንቲ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጠበቀችው።

«ክሬን በላው፣ ሌላ የለኝም። ታዲያ ቤቴ ምን ሊያገባ ነው? እንደ እንግዳ ልቀመጥ?»

«እኔ አጠገብ ትቀመጫለሽ» አለ ማኑሶስ።

«አንተ አጠገብ! በዛሬው ሥራህ? ሳህኔን ታቅፌ ነው የምበላው!»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሌላም ተከተለ።

ከሰዓት በኋላ በመጠጥ ቤቱ ድስት የተሠራው ሾርባ ቀጭን ነበር፤ ለሰው ሁሉ ግማሽ ሳህን እንኳ አልደረሰም፤ የቀረው በዳቦና በወይራ ፍሬ ተሞላ። አርጊሮ በሁሉ ፊት ቀመሰች፤ ትንሽ ጨው ጨመረች። ከዚያ እንደ ሥርዓቱ ድርሻቸውን ያገቡትን ቤቶች ለፓፓ ስትራቲስ አንድ በአንድ ጠራች፤ እሳቸውም ስሙን እየደገሙ ባረኩ። ሰው ሁሉ የመጨረሻው ስም የትኛው እንደሚሆን ያውቅ ነበር፤ ወይም ያወቀ መስሎት ነበር። አርጊሮ ግን አላቆመችም።

«የሮዳንቲ ቤት» አለች። «አንድ መርዘኛ ዓሣ ከድስቱ ከልክሏል። የማኑሶስ ቤት፤» ትንፋሿን ሳበች፤ «አንድ ከልክሏል።»

ፓፓ ስትራቲስ መስቀሉን አየር ላይ ይዘው ቆዩ። እንዲህ ያለ ነገር ባርከው አያውቁም። ከገበታው ጫፍ እስከ ጫፍ አዩ፤ ስሙ እንዲቀር የጠየቀ ሰው አልነበረም።

«የማኑሶስ ቤት» አሉ፤ መስቀሉንም አወረዱ።

ማኑሶስ የቤቱን ስም ሲሰማ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ እንደ ልጅ አለቀሰ። ሮዳንቲ ሳህኑን ወደ እሱ ገፋችለት። ከዚያ በክርኗ ጎሸም አደረገችው።

«ብላ እንጂ» አለች። «እየቀዘቀዘ ነው።»